ቴስቱ «አይ ኤን ኤፍ ጄ ነሽ» ስላለ ዲፓርትመንት አይሞላም

ጥያቄው ከአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። አሳጥሬዋለሁ፦

«ፍሬሽማን ነኝ። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስንማር ስለ ስብዕና የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሱስ ያዘኝ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን፣ ሰውን ለ16 ዓይነት የሚከፍለውን ቴስት በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። መጀመሪያ አይ ኤን ኤፍ ጄ፣ ቀጥሎ አይ ኤን ኤፍ ፒ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኢ ኤን ኤፍ ፒ አለኝ። የመጀመሪያውን ሳነበው አለቀስኩ፣ ቁጭ እኔን ነው። ለምክር ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ ስለሚል ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ልሞላ ነው። አባቴ አካውንቲንግ ይላል። ክፍል ውስጥ ደግሞ የፍሮይድን የስብዕና ቲዎሪ ስማር እውነት ይመስለኛል፣ የስኪነርንም፣ የኤሪክሰንንም። ትክክሉ የቱ ነው? እኔስ የቱ ነኝ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። የቱም አይደለሽም። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ሰው አልሆንሽም። አንድ ልጅ ነሽ፣ ሦስት ጊዜ ተለካሽ፣ መለኪያው ደግሞ አቅሙ ያን ያህል ነው። «ስህተቱ የእኔ ይሆን?» ብለሽ እየተጨነቅሽ ከሆነ ተይው። ይኼ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ከአሠራሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥያቄዎቹን ስትመልሺ አራት መስመሮች ላይ የት ቦታ እንዳለሽ ይሰላል። ወደ ሰው ወይስ ወደ ውስጥ፣ የሚጨበጥ ነገር ወይስ ሐሳብ፣ በጭንቅላት ወይስ በልብ፣ በዕቅድ ወይስ እንደ አመጣጡ። እስከዚህ ክፋት የለውም። ከዚያ ግን እያንዳንዱን መስመር መሐሉ ላይ ቆርጦ ለየወገኑ አንድ ፊደል ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በመጀመሪያው መስመር ወደ ውስጥ ያለውን «አይ»፣ ወደ ሰው ያለውን «ኢ» ይለዋል። የአራቱ መስመሮች ፊደል ሲገጣጠም «አይ ኤን ኤፍ ጄ» ዓይነት ስም ይወጣል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ አገሩን ደጋና ቆላ ብቻ ብሎ ለሁለት ቢከፍለው «ወይና ደጋውን የት ጣልከው?» ትይዋለሽ። በግምት ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ያለው ያ ሁሉ አገር ስም አጣ ማለት ነው። መስመሩን 1900 ላይ ብናሰምር 1890 ሜትር ላይ ያለው መንደር ቆላ፣ 1910 ላይ ያለው ደጋ ይባላል። አንዱ ጋ የጮኸ ዶሮ ሌላው ጋ ይሰማል እኮ። ቆላ የተባለው ግን ከጎረቤቱ ተለይቶ ከዳሎል ጋር አንድ ስም ይዞ ቁጭ ይላል።

ሰው ደግሞ አብዛኛው ወይና ደጋ ነው። በነዚህ መስመሮች ላይ ሰው ሲለካ ጫፍና ጫፍ ይዞ ለሁለት አይሰበሰብም፤ መሐል ላይ ነው የሚከማቸው። እስቲ ውጤትሽን መልሰሽ ክፈቺና ከፊደሉ ሥር ያለውን ፐርሰንት እይው። 54፣ 52 ዓይነት ነገር ሳይሆን አይቀርም። እንደዚያ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ክላስ ውለሽ ደክሞሽ ስትሠሪው ወደ አንዱ ያጋድላል፣ ከጓደኞችሽ ጋር ስትስቂ አምሽተሽ ስትሠሪው ወደ ሌላው። ቁጥሩንም አብረን እናስላው። እያንዳንዱ ፊደል በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀየር የመቆየት ዕድሉ 80 በመቶ ነው እንበል። ጥሩ ይመስላል። አራቱም ባሉበት የመቆየታቸው ዕድል ግን 0.8 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ 41 በመቶ ገደማ ነው። ከአሥር ሰው ስድስቱ ላይ ቢያንስ አንድ ፊደል ይገለበጣል ማለት ነው። አንቺም ከስድስቱ አንዷ ነሽ፣ በቃ።

አንድ የተደባለቀብሽ ነገርም አለ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሠራው ቴስት፣ አራቱን ፊደሎች መጀመሪያ ያመጣው «ማየርስ ብሪግስ» የሚባለው ዋናው ቴስት አይደለም። ዋናው በገንዘብ የሚሸጥ ነው፤ ነጻዎቹ ፊደሎቹን ተውሰው የራሳቸውን መጠይቅ ያዘጋጁ ሌሎች ናቸው። ዋናውን የሠሩት ካተሪን ብሪግስ እና ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ የሚባሉ አሜሪካውያን እናትና ልጅ ናቸው። ሁለቱም ሳይኮሎጂ አልተማሩም። ልጅቷ እንዲያውም ቀደም ሲል የወንጀል ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር። የተነሱት የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 ካሳተመው ስለ ሰው ዓይነቶች ከሚያወራ መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጠይቁን የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ወንዱ ሲዘምት ወደ ሥራ የገቡትን ሴቶች የት የት እንመድብ በሚል። ሐሳቡ ቅን ነበር። ግን ዩንግ ራሱ የጻፈው ከታካሚዎቹና ከንባቡ ተነስቶ እንጂ ሰው ለክቶ አይደለም። በዕቅድ ወይስ እንደ አመጣጡ የሚለውን አራተኛውን መስመር ደግሞ የጨመሩት እናትና ልጅ ናቸው።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ይኼኛው ነው። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ፣ ማየርስ ብሪግስን ለሙያ ምርጫ ምክር ለመጠቀም የሚያበቃ በቂ ጥናት የለም ብሏል። አሳታሚዎቹ ራሳቸውም ለቅጥር አትጠቀሙበት ይላሉ። ሻጩ ለዚህ አይሆንም ያለውን ዕቃ አንቺ የአራት ዓመት ትምህርት ልትጭኚበት ነው።

ታዲያ ለምን አለቀስኩ? ትይኝ ይሆናል። ደህና ጥያቄ ነው። እስቲ ይህን አንብቢው፦ «ሰው መሐል ስትሆኚ ትስቂያለሽ፤ ውስጥሽ ግን ለማንም ያልነገርሽው ነገር አለ። ሰው ቶሎ ታምኛለሽ፣ በዚህ ተጎድተሽ ስለምታውቂ አሁን ትጠነቀቂያለሽ። ለሌላው የምትመክሪውን ራስሽ ማድረግ ያቅትሻል። ያለሽን ችሎታ ገና አልተጠቀምሽበትም።»

ገጠመ? እኔ አላውቅሽም። ይህቺን ጽሑፍ ክላስ ላይ ለየተማሪው በፖስታ አሽጌ እሰጣለሁ። ከላይ ስማቸውን እጽፍበታለሁ። አንብበው ዝም ይላሉ፣ አንዳንዱ አንገቱን ይነቀንቃል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁሌም «ማን ነገረህ?» ይለኛል። ከዚያ «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተለዋወጡ» እላቸዋለሁ። ዘዴው የእኔ አይደለም። በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ «የቴስታችሁ ውጤት» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጠ። ምን ያህል ይገልጻችኋል፣ ከ5 ስጡት ሲላቸው አማካዩ 4.26 መጣ። ጽሑፉን የለቃቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር።

ለእኛ ደግሞ ይኼ እንግዳ አይደለም። የስምሽና የእናትሽ ስም ፊደል በቁጥር ተደምሮ፣ ለ12 ተገድፎ፣ በቀሪው ኮከብሽ ሐመል ነው፣ ሠውር ነው፣ ሚዛን ነው ይባላል። «ለሰው ደግ ነሽ፣ ሰው ግን ውለታሽን አይመልስልሽም» ሲባሉ «ኧረ እኔስ አይደለሁም» ያሉ እናት እስካሁን አልገጠሙኝም። ዛሬ ዶርም ውስጥ «እሱ ኢ ኤስ ቲ ጄ ስለሆነ ተለያየን» ሲባል ስሰማ ያው «ኮከባችን አልገጠመም» ነው የሚሰማኝ፣ ፊደሉ የፈረንጅ ሆነ እንጂ።

ግን ፍርደ ገምድል አልሁን። ቴስቱና ኮከብ ቆጠራው አንድ አይደሉም። ኮከቡ የሚወጣው ከስምሽ ነው፣ ቴስቱ ግን አንቺ ከመለስሽው። ለዚህም ነው የተወሰነ እውነት ያለው። «ብቻዬን መሆን ያሳርፈኛል» ብለሽ ሞልተሽ «ብቻሽን ስትሆኚ ታርፊያለሽ» ቢልሽ አዲስ ወሬ አላመጣም፤ ያልሽውን አሳምሮ መለሰልሽ። 16ቱም መግለጫዎች ደግሞ የሚያሞጋግሱ ናቸው፤ ገብተሽ የሌሎቹን አሥራ አምስቱን አንብቢ፣ ሰነፍ ወይም ምቀኛ የሚባል ዓይነት አታገኚም። እንባሽ ግን የውሸት አልነበረም። ምናልባት ዝምታሽን እንደ ጉድለት ሳይቆጥር ያናገረሽ የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ይሆናል። እሱን ያዥው። ፊደሎቹን ጣያቸው።

ወደ ቲዎሪዎቹ እንምጣ። «ትክክሉ የቱ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂ ፍሮይድንና ስኪነርን ለአንድ ወንበር እንደሚወዳደሩ እጩዎች አድርገሻቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ነገ ፈተና አለሽ እንበል፣ አንቺ ስልክሽን ይዘሽ አልጋ ላይ ነሽ። ፍሮይድ ቢያይሽ ከምን እየሸሸች ነው ይላል። ስኪነር ውስጥሽን አይጠይቅም፤ ስልኩ በየደቂቃው ይሸልማታል፣ ሞጁሉ ግን ሽልማቱን የሚሰጣት ግሬድ ሲለቀቅ ነው ይላል። ባንዱራ የሚባለው ሌላው ሳይኮሎጂስት ደግሞ «ባነብም አልሠራውም» ብላ አምና እንደሆነስ? ይላል። ሦስቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚጠይቁት ጥያቄ ነው የሚለያየው፤ ስለዚህ ሁሉም እውነት ቢመስልሽ አይገርምም።

እኩል ማስረጃ አላቸው ግን አላልኩም። የስኪነርና የባንዱራ ብዙው ነገር በሙከራ ተፈትኗል፣ የወደቀውም ወድቋል። ፍሮይድ ላይ ካርል ፖፐር የሚባለው ፈላስፋ ያነሳው ክስ እስከዛሬ አለ፦ አባትሽን ብትወጂውም ብትጠዪውም ቲዎሪው ትክክል ከሆነ፣ መቼ ነው ስህተት የሚሆነው? «ሳነበው እውነት መሰለኝ» የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ የፖስታው ጽሑፍም እውነት መስሎሽ ነበር።

ኤሪክሰን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያንቺ ጉዳይ እሱ ጋ ነውና። ሰውየው ወላጅ አባቱን ሳያውቅ ያደገ፣ በእንጀራ አባቱ ስም የኖረ፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ ስሙን ራሱ «ኤሪክሰን» ብሎ ያወጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው ሃርቫርድ ያስተማረ ነው። ማንነት የወጣትነት ዋና ጥያቄ ነው ያለው እንዲህ ያለ ሰው መሆኑ አይገርምም። ጄምስ ማርሲያ የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1966 ይህን ወስዶ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ወጣቱ አማራጮችን ፈትሿል ወይ? ወስኗልስ ወይ? ሳይፈትሹ የወሰኑትን ለብቻ መደባቸው። አባቱ ሐኪም ሁን ስላለው ብቻ ሐኪም ለመሆን የወሰነ ልጅ ዓይነት።

አሁን ራስሽን እይ። አባትሽ «አካውንቲንግ» ሲልሽ ትከራከሪያለሽ። ዌብሳይት «ካውንስለር» ሲልሽ እሺ ብለሽ ልትሞዪ ነው። ሁለቱም ሳትፈትሺ ሌላ የወሰነልሽ ነው። አባትሽ ቢያንስ 19 ዓመት አይቶሻል፣ ዌብሳይቱ አሥር ደቂቃ። አባትሽ ልክ ናቸው እያልኩሽ አይደለም፤ ፈትሸሽ ልክ አይደሉም ልትይ ትችያለሽ። ግን ፈትሺ።

መለካት ከፈለግሽ የተሻለ መለኪያ አለ፣ ቢግ ፋይቭ የሚባለው። መነሻው ቀላል ነው፦ ሰዎች ስለ ጠባይ የሚያስፈልጋቸውን ቃል በቋንቋቸው ውስጥ አስቀምጠውታል የሚል። ኦልፖርትና ኦድበርት የሚባሉ ሳይኮሎጂስቶች በ1936 የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገላብጠው ሰውን የሚገልጹ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቃላት ለቀሙ። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት ሲበጠር፣ ሲነፋ ወደ አምስት ወረደ፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥርዓታማነት፣ ተግባቢነት፣ ለሌላው ማሰብና መስማማት፣ ቶሎ የመረበሽ ዝንባሌ። «ዓይነት» የለውም። ወይና ደጋ ከሆንሽ ወይና ደጋ ነሽ ይልሻል። ሥርዓታማነት ከትምህርት ውጤትና ከሥራ ጋር እንደሚያያዝ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ግንኙነቱ ግን መጠነኛ ነው፣ ዕጣ ፈንታ አይደለም። እነዚህ ነገሮች ደግሞ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣሉ፤ ሰው በአማካይ ሥርዓታማነቱ ይጨምራል፣ መረበሹ ይቀንሳል። በ19 ዓመትሽ የተነሳሽው ፎቶ ነው።

እሱም ገደብ አለው። ቦሊቪያ ውስጥ ቺማኔ የሚባሉ በአደንና በእርሻ የሚኖሩ ሰዎች ላይ ሲሞከር አምስቱ በደንብ አልወጡም። እኛም ጋ ጥያቄዎቹ እንዳሉ ሲተረጎሙ ይንገዳገዳሉ። «ድግስ ላይ የማላውቀውን ሰው ቀርቤ አናግራለሁ» ይልሻል። የት? ሰርግ ላይ ወይስ ለቅሶ ቤት? ለቅሶ ቤት ዝምተኛውም ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ያመሻል። «ሐሳቤን በግልጽ እናገራለሁ» ለሚለው አይደለም ብትይ፣ ዓይን አፋር ሆነሽ ነው ወይስ ታላቅ ፊት አፍ ማብዛት ነውር ነው ተብለሽ አድገሽ? መጠይቁ ይሉኝታን አያውቀውም፤ ሁለቱንም አንድ ቦታ ይጽፈዋል። «ስብዕና» የሚለው ቃላችንም ያሳስታል። «ስብዕና ያለው ሰው» ስንል ጨዋ፣ ሰው የሆነ ሰው ማለታችን ነው፤ መጠይቁ ግን የሚለካው ዓመልን እንጂ ጨዋነትን አይደለም። ዝቅተኛ ቁጥር ስለመጣብሽ ክፉ ሰው አይደለሽም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ እነዚህ ቴስቶች የሕመም ምርመራ አይደሉም። ሳይኮሎጂ የጀመረ ሁሉ ባነበበው ምዕራፍ ልክ ይታመማል፣ የሕክምና ተማሪዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ይሄ ያልፋል። ግን እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ክላስ መግባት ካቃተሽና ሁለት ሳምንት ካለፈው «ኢንትሮቨርት ስለሆንኩ ነው» ብለሽ አትሸፍኚው፤ ግቢያችሁ ያለውን የምክር አገልግሎት ወይም ሐኪም አናግሪ። ሁለተኛ፣ በቴሌግራም «ትክክለኛ ማንነትሽን እንነግርሻለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሁሉ ብር አትላኪ።

ምክሬ ይኸው። ቴስቱን አራተኛ ጊዜ አትሥሪው፤ ውጤቱንም ለምርጫሽ አትጠቀሚበት። መለካት ካማረሽ ባለ 120 ጥያቄውን ነጻ የቢግ ፋይቭ መጠይቅ አንድ ጊዜ ሥሪ፣ ከዚያ አብራሽ የምታድር አንዲት ልጅ ስለ አንቺ እንድትሞላው አድርጊ። ሁለታችሁ የተለያያችሁበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ ቁጥሩ ራሱ ከሚነግርሽ በላይ እዚያ ታገኛለሽ። ሥርዓታማ ነኝ ካልሽና እሷ «ኧረ የታል!» ካለች ከማን ጋር እያወዳደርሽ እንደነበር ይገባሻል።

ዲፓርትመንቱን በተመለከተ፣ ከጠባይሽ ይልቅ ምን እንደሚስብሽ እይ። ጠባይና ፍላጎት ይለያያሉ፤ ዝምተኛ ሆኖ ጎበዝ አማካሪ የሆነ አለ፣ ተጫዋች ሆኖ የሰው ችግር መስማት የሚሰለቸው አለ። ሳይኮሎጂ ማለት የራስን ውስጥ ማንበብ ብቻ መስሎሽ ከሆነ ደግሞ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ እንደሚጠብቁሽ ከአሁኑ ልንገርሽ። ሰው ለማከምም የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፣ ተጨማሪ ሥልጠና ይፈልጋል።

ስለዚህ ቅጹ ሳይመጣ የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ክላስ አንድ ቀን ገብተሽ ከኋላ ተቀመጪ። የአካውንቲንግ ክላስም እንደዚያው፣ ላባትሽ ስትይ ሳይሆን ስታወዳድሪ የምታወዳድሪው ነገር እንዲኖርሽ። ከዚያ ከሁለቱም ዲፓርትመንት አንድ አንድ የተመረቀ ሰው ፈልጊ። «ትወደዋለህ ወይ?» አትበያቸው፣ ሁሉም እወደዋለሁ ነው የሚለው። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» በያቸው።